የክረምት ስንቅ

ባለፈው ሳምንት አየር ጤና መድኃኒት ልገዛ ወርጄ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ከአንዲት ትንሽ ሱቅ ደጃፍ ተጠለልኩ። ባለሱቋ ልጅ በርጩማ አወጣችልኝ። መደርደሪያው ላይ፣ ከፓስታውና ከሳሙናው መካከል፣ በላስቲክ የታሸገ ድርቆሽ አየሁ። የተረፈ እንጀራ ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ የደረቀ፣ ያው የድሮው ድርቆሽ ነው። አንዱን አንስቼ ሳገላብጠው፣ “ጥሩ ነው፣ እማማ፤ ቶሎ አይበላሽም። ለመንገድ ስንቅ ይሆንዎታል” አለችኝ። ላስቲኩ ጥጉ ላይ ተቀዶ ኖሮ ሽታው ወጣ፤ የቦካ ጤፍና የፀሐይ ሽታ። “ምነው፣ አመመዎት እንዴ?” አለችኝ። አላመመኝም። ግን ስንቅ የሚለውን ቃል እኔ በቤቴ አልጠራም። ልጆቼ መንገድ ሲሄዱ እንኳ “የሚበላ ነገር ያዛችሁ?” ነው የምለው። ለምን እንደሆነ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ነግሬያቸው አላውቅም። እናቴም ጎረቤታችን እትዬ ብርቄም አልፈዋል። እትዬ ብርቄ ባልሠሩት በደል ተወቅሰው ብዙ ዓመት ኖረዋል። እውነቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ ዝም ብዬ የኖርኩትም እኔ ነኝ። አሁንም የምጽፈው አፍ አውጥቼ መናገሩን ስለማልችልበት ነው።

ጣሊያን በነበረበት ጊዜ ኮልፌ ከተማ አልነበረም። ዛሬ የታክሲ ረዳቶች አንገታቸውን አውጥተው “ኮልፌ! ኮልፌ!” የሚሉበት ቦታ ያኔ የገብስ ማሳ ነበር፤ ከማሳው በታች ወንዙ፣ ከወንዙ ማዶ ባሕር ዛፍ። ቤቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በርቀት የተቀመጡ ነበሩ። ወደ ማታ ከመንገድ ሥራ የሚመለሱ ሰዎች በኦሮምኛና በጉራጊኛ እየተቀባበሉ ሲያዜሙ ይሰማል፤ ቃሉ ባይገባንም እኔና ታናሽ እህቴ ጽጌ ዜማውን ይዘን እናንጎራጉር ነበር። የለበስነው የአቡጀዲ ቀሚስ ከእናቴ አሮጌ ቀሚስ የወጣ ነው፤ የእኔ ሲጠበኝ ለጽጌ፣ የጽጌ ሲያልቅ ለድስት መያዣ ይሆናል። ገበያ ላይ ሰው በሊሬ ይገዛና በጠገራ ብር ያስባል። ጨው ውድ ነበር፤ እናቴ በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ድስቱ ላይ ከበተነች በኋላ ጣቶቿን ወጡ ውስጥ ታለቀልቃቸው ነበር።

በእናቴ ማጀት የሚጣል ነገር አልነበረም። ምስር የታጠበበት ውሃ ጎመኑን ያጠጣል። ፊታችንን የታጠብንበት ውሃ ለእግራችን ይሆናል፤ ከዚያ ደግሞ አቧራው እንዲቀመጥ ደጁ ላይ ይረጫል። የሽንኩርት ልጣጩ፣ የአተር ገለባው ለዶሮዎቹ ነው። አመድ ይነፋና ድስት ይፈተግበታል፣ የቀረው ጎመኑ ሥር ይበተናል። እንስራው በግራዋ ቅጠል፣ ልብሳችን በእንዶድ ይታጠባል። የጠላው ድፍድፍ ሁለተኛ ውሃ ይጨመርበትና ቅራሪ ይሆናል፤ አተላው ለሰው ላም ይሄዳል፣ በምትኩ ኩበት ይመጣል። ጣሊያኖቹ ሰፈራቸው ደጃፍ የሚጥሉትን የሳልሳ ጣሳ ሳይቀር ሰብስባ አንዱን መስፈሪያ፣ አንዱን ኩባያ፣ አንዱን የቃሪያ ችግኝ ማፍያ አድርጋው ነበር። ሥጋ የምናየው በበዓል ነው። የምንበላው ጎመን፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ተልባ ነበር፤ ሆዳችንን ሲያመን አብሽ በጥብጣ ታጠጣናለች። አሁን ሐኪሙ “ጨው ይቀንሱ፣ ቅባት ይቀንሱ፣ ጎመን ያብዙ” ሲለኝ እናቴን የሚያውቃት ይመስለኛል።

እትዬ ብርቄ ይቀልዱባት ነበር። “አስኩ፣ አንቺ እኮ ጥላሽንም አጣጥፈሽ ሣጥን ውስጥ የምትከቺ ሴት ነሽ” ይሏታል። የእናቴ ስም አስካለ ነው፤ አስኩ የሚሏት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

“ሣጥን ካገኘሁለት ምን ይለኛል” ትላለች እናቴ።

እትዬ ብርቄ የጉራጌ አገር ሰው ነበሩ፤ በመካከላችን ያለው አንድ የቅንጭብ አጥር ብቻ ነው። ሁለቱ ሴቶች እሳትን እንኳ በጋራ ነበር የሚይዙት። ክብሪት ውድ ነው፣ እንጨትም ከሩቅ ነው የሚለቀመው፤ ስለዚህ አንድ ሳምንት በእኛ ምድጃ፣ አንድ ሳምንት በእሳቸው ምድጃ ፍም በአመድ ተዳፍኖ ያድራል። ተራው የእኛ ሲሆን እትዬ ብርቄ ጠዋት ገል ይዘው ይመጡና እሳት ጭረው ይሄዳሉ፤ ተራው የእሳቸው ሲሆን እኔ እሄዳለሁ። ሁለት ቤት በአንድ ቤት እሳት ይኖር ነበር። ባለቤታቸው ጋሽ ወልዴ ጣሊያኖቹ በሚያሠሩት መንገድ ላይ ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። አንዳንድ ሰው በሹክሹክታ ባንዳ ይላቸዋል። እናቴ ግን፣ “ቀኑን ሙሉ ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው ምን ባንዳ ነው? ሆዱ ነው ያወጣው” ትል ነበር።

ድርቆሹ የእናቴ ትልቁ ሥራ ነበር። ክረምት ሲገባ እንጨቱ ይረጥባል፤ በእርጥብ እንጨት መጋገር ጭሱ ዓይን ያጠፋል፣ የሁለት ቀን ማገዶም በአንድ ቀን ይበላል። ስለዚህ ከጥቅምት ጀምራ ከየማዕዱ የተረፈውን እንጀራ፣ ቁራሽ እንኳ ብትሆን፣ ሰሌን ላይ ታሰጣዋለች። ሲደርቅ ከምሰሶው ላይ በተንጠለጠለው የአባቴ አቁማዳ ውስጥ ትከተዋለች። አባቴ ወደ ሰሜን ሲዘምት እናቴ ሁለት አቁማዳ ሞልታለት ነበር፤ “አንዱ ይበቃኛል” ብሎ አንዱን ትቶት ሄደ። አልተመለሰም። መሞቱን የነገረን የለም፣ መኖሩንም የነገረን የለም። እናቴ ያንን አቁማዳ በየዓመቱ በድርቆሽ እየሞላች “የክረምት ስንቃችን” ትለው ነበር። እትዬ ብርቄ፣ “ስንቅ እኮ ለሚሄድ ሰው ነው፣ አስኩ” ሲሏት፣ “እኛስ ክረምትን ልንሻገር አይደል?” ብላ ትስቃለች። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ ድርቆሹን በትንሽ ትኩስ ሽሮ አርሰን እንበላለን። ከዚያ የጣፈጠ ምግብ እስከ ዛሬ አልበላሁም።

ግንቦት ማለቂያ ላይ ነው። አቁማዳው አፉ ድረስ ሞልቷል፣ የመጨረሻው ድርቆሽ ደጅ ተሰጥቷል። እትዬ ብርቄ ጠዋት እሳት ጭረው፣ እግረ መንገዳቸውንም አቁማዳውን ዳበስ አድርገው፣ “ዘንድሮስ ለእኛም ይተርፋል” ብለው ሄዱ፤ ከዚያ የጋሽ ወልዴን ምሳ ይዘው ወደ መንገድ ሥራው ወጡ። እናቴም እንስራዋን አዝላ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። “ዶሮ እንዳይጭረው” ብላ ድርቆሹን ለእኔና ለጽጌ አደራ ሰጠችን። እኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ጽጌ አምስት።

አንድ ጣሊያን፣ ሦስት ወታደሮችና አንድ አስተርጓሚ መጡ። በዚያ ሰሞን በዱር ያሉትን አርበኞች ማን እንደሚቀልባቸው እየፈተሹ ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ጽጌ ከበሩ ጀርባ ገባች። እኔ ዓይን አፋር ነበርኩ፤ እንግዳ ሲመጣ ከበሩ ጀርባ የምገባው እኔ ነበርኩ፣ ያን ቀን ግን ቦታውን ጽጌ ቀደመችኝ። ወታደሮቹ አቁማዳውን አውርደው ከፈቱት። አስተርጓሚው ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ድምፁ ለስላሳ ወጣት ነበር። ቁራሽ ድርቆሽ አንስቶ ቀመሰና ፈገግ አለ።

“እንዴት ጥሩ አድርጎ ደርቋል! የማን ሙያ ነው፣ የኔ ቆንጆ?”

“የእማዬ” አልኩ። እናቴ ስትመሰገን ደስ አለኝ።

“ጎበዝ ናት። ለምን ይሆናል ይኼ ሁሉ?”

“ስንቅ ነው።”

ፈገግታው ጠፋ። ወደ ጣሊያኑ ዞሮ አንድ ቃል ተናገረና እንደገና ወደ እኔ ጎንበስ አለ። “የማን ስንቅ? አባትሽ የት ነው?”

የክረምት ማለት ነበረብኝ። አባቴ ከዘመተ ዓመታት አልፈውታል ማለት ነበረብኝ። ሁለቱም ምላሴ ላይ ነበሩ። ነገር ግን አምስት ሰው አፍጥጦ እያየኝ ነበርና አንገቴን ደፍቼ የቀሚሴን ጫፍ ነከስኩ። ደጋግሞ ጠየቀኝ፣ እኔ የእግሬን ጣት ብቻ አየሁ። ዝምታዬን እንደ መልስ ቆጠሩት።

እናቴ እንስራዋን እንዳዘለች ደረሰች። “ለልጆቼ ነው! ለክረምት ነው፣ ጌታዬ!” አለች። አስተርጓሚው ወደ እኔ አላየም። “ሁላችሁም እንደዚያ ነው የምትሉት። ስንቅ መሆኑን ነግረውናል” አላት።

ይህን ቃል በኋላ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት። ነግረውናል። ለስምንት ዓመት ልጅ ማንም ሰው ነግረውናል አይልም። ሆን ብሎ ከእናቴ ሊሰውረኝ ይሁን፣ ወይም እንዲያው የሹም አነጋገር ሆኖበት፣ አላውቅም። እናቴ ግን ቃሉን እንደሰማችው ያዘችው፤ የተናገረው ትልቅ ሰው ነው። እንስራውን ከጀርባዋ አውርዳ ጥግ አስደግፋ፣ “ጽጌን እንዳታስርቢያት” አለችኝና ወሰዷት። ደጅ የተሰጣውን ድርቆሽ ረግጠውት ሄዱ።

እትዬ ብርቄ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ጮኸው ራሳቸውን ያዙ። ያን ቀን አጥሩን ጥሰው እኔንና ጽጌን ወደ ቤታቸው አስገቡን፤ ሰባት ወር እዚያው ኖርን። ከራሳቸው አራት ልጆች ጋር ቆጮውን እኩል ቆርሰው ያበሉናል። በየጠዋቱ ፍም ይዘው ወደ እኛ ቤት ይሻገሩና ምድጃችን ውስጥ ይዳፍኑታል። “ማን ሊያበስልበት ነው?” ሲሏቸው፣ “አስኩ ስትመጣ ቤቷ ቀዝቅዞ አይጠብቃትም” ይላሉ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ደግሞ ምግብ ቋጥረው ወደ እስር ቤቱ ይሄዳሉ። ዘበኛው፣ “ስንቅ አይገባም” ብሎ ይመልሳቸዋል። እንደገና ይሄዳሉ፣ እንደገና ይመልሳቸዋል። እናቴ መምጣታቸውን እንኳ አልሰማችም።

እናቴ የገና ሰሞን ተለቀቀች። ፀጉሯ ተላጭቶ፣ አንገቷ ቀጥኖ፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አልረጋ ብሎ መጣች። የመጀመሪያውን ቀን ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እኛን ስታይ ዋለች። በሁለተኛው ቀን ጠራችኝ።

“የሺ፣ የዚያን ቀን ብርቄ እዚህ መጥታ ነበር?”

“ጠዋት እሳት ሊጭሩ መጥተው ነበር።”

“አቁማዳውን አይታዋለች?”

“አይተውታል።”

“ከዚያስ ወዴት ሄደች?”

“ወደ መንገድ ሥራው።”

የመለስኩት ሁሉ እውነት ነበር። አንድም ውሸት አልተናገርኩም። የቀረውን እናገራለሁ ብዬ ቆሜ ስጠብቅ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስር ቤት ውስጥ ሰባት ወር ሙሉ ነግረውናል የሚለውን ቃል ስታመነዥክ ኖራ መልሱን ይዛው ነበር የመጣችው፤ ከእኔ የፈለገችው ማረጋገጫ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ብርቄ በገል ፍም ይዘው፣ እየሳቁ መጡ። “አስኩ፣ ተነሺ እንጂ! ተራው የእኔ ነው፤ እሳትሽን አምጥቻለሁ” አሉ። እናቴ ተነስታ ገሉን ከእጃቸው ተቀበለች። መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ የሳልሳውን ጣሳ ከጋኑ ነክራ ውሃ ሞላችና ፍሙ ላይ ደፋችው። ፍሙ ጮኸ፣ አመድና እንፋሎት ፊታቸው ላይ ወጣ። ከዚያ ጥቁሩን ከሰል ከነገሉ መልሳ ሰጠቻቸው። እትዬ ብርቄ እናቴን አዩ። ከዚያ፣ ይህን ፈጽሞ አልረሳውም፣ እኔን አዩኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ገሉን ይዘው ወጡ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ክብሪት መግዛት ጀመረች። ጨው በጣቷ ቆንጥራ ትበትን የነበረች ሴት በቀን ሁለት ሦስት ክብሪት ታቃጥላለች። ድርቆሽ ማስጣቱን ተወች። የተረፈ እንጀራ ለውሻ ይጣላል፣ የምስሩ ውሃ ደጅ ይደፋል፤ ጎመኑ ደረቀ። ክረምት ሲመጣ በእርጥብ እንጨት እየታጠነች ትጋግርና እንባዋን በክንዷ ትጠርጋለች፤ ጭሱ ይሁን ሌላ አይታወቅም። ጣሊያን ወጣ፣ ሰው ሁሉ ደስ አለው፣ ሰፈሩም ሞላ። በቅንጭቡ ቦታ እናቴ የግንብ አጥር አሠራች።

እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ። እትዬ ብርቄ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ “የኔ ልጅ፣ እናትሽ ደህና ናት? ክረምቱን እንዴት አለፈችው?” ይሉኛል። “ደህና ናት” እላለሁ። ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ከትምህርት ቤት እመጣለሁ፤ እናቴን ደክሟት አገኛታለሁ፣ ወይም ደስ ብሏት አገኛታለሁ፣ ሁለቱም ለመናገር አይመችም። ጋሽ ወልዴ ሲሞቱ እናቴ ለቀብር አልወጣችም። ሰው ሁሉ ታዘባት፤ እኔ ደግሞ ደብተሬን ይዤ ቤት ተቀመጥኩ። ከዚያ እትዬ ብርቄ ቤታቸውን ሸጠው አስኮ ወደምትኖረው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ በሴቶቹ መኝታ ቤት ሌሎቹ ስለ ፈተና ሲጨነቁ እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር አጠና ነበር፤ “እማዬ፣ ስንቅ ያልኩት እኔ ነኝ።” ብዙ ትላልቅ ቃላት ተማርኩ። ያንን ዓረፍተ ነገር ግን ለመጨረስ አልቻልኩም።

አንድ ቅዳሜ ለእረፍት ስመጣ ጽጌ፣ እትዬ ብርቄ አልጋ ከያዙ ወር እንዳለፋቸው ነገረችኝ። ማጀት ገባሁ። እናቴ ድስት ታጥብ ነበር።

“እማዬ፣ እትዬ ብርቄ አልተናገሩም።”

“ምኑን?”

“ስንቅ ነው ብሎ ለአስተርጓሚው የነገረው ሌላ ሰው ነው።”

እጇን ከድስቱ ሳታወጣ፣ “ማን?” አለች።

“እኔ።”

ድስቱን አጥባ ጨረሰች። አለቀለቀችው፣ ደፋችው፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ነጠላዋን አንስታ፣ “አስኮ የት ጋ ነው ያለችው?” አለችኝ። በእግራችን ሄድን። መንገዱን ሁሉ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን።

እትዬ ብርቄ መደብ ላይ ተኝተው ነበር፤ እንደ ልጅ አንሰው፣ ዓይናቸው ብቻ የድሮው ሆኖ። እናቴ ወድቃ እግራቸውን ያዘች። “ብርቄ፣ ማሪኝ!” አለች።

“አስኩ ነሽ?” አሉ እትዬ ብርቄ። አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩዋትና ፈገግ አሉ። “ምነው፣ ክብሪት አለቀብሽ እንዴ?”

እናቴ እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ሳቁ ቀረና ለቅሶው ብቻ ሆነ። ለቅሶዋ ሲበርድ፣ “እኔ እኮ አንቺ መስለሽኝ... ልጄ ናት ለካ” አለች።

“አውቃለሁ።”

“ምን አልሽ?”

“ጽጌ ነግራኛለች። በወሰዱሽ በሳምንቱ፣ ልተኛ ስል ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ ‘ስንቅ ነው ያለችው እኮ የሺ ናት’ አለችኝ። ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ አስማልኳት።”

እናቴ እጇን ከእግራቸው ላይ አነሳች። “ታዲያ ውሃ ስደፋብሽ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ምን ልበልሽ? ራስሽን ተላጭተሽ፣ አጥንትሽ ብቻ ቀርቶ መጣሽ። ባልሽን አጥተሻል። ልጅሽ ናት ያሳሰረችሽ ልበልሽ?” የእናቴን እጅ ፈልገው ያዙ። “ያለ ጎረቤት ይኖራል፣ አስኩ። አንቺም ኖርሽ። ደግሞ አንድ ቀን ልጅቷ ራሷ ትነግርሻለች ብዬ ጠበቅኩ።”

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። በእጃቸው ጠሩኝና ራሴን ዳሰሱት። “አታልቅሺ። አንቺ ምን አጠፋሽ? ያኔ ልጅ ነበርሽ” አሉኝ።

ያኔ። ከዚያ በኋላ ስለነበሩት ዓመታት አላነሱም። ሁለቱ እስኪመሽ ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስለ ሞቱ ጎረቤቶች፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ክረምቱ አወሩ፤ ያ ቀን የመጨረሻቸው ሆነ።

ስንመለስ እናቴ አሁንም ከፊት ነበረች። ከአስኮ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ ዞር ሳትል፣ “ዝም ያልሽው ፈርተሽኝ ነው?” አለችኝ።

“አይደለም። አፍሬ ነው።”

“ይህን ሁሉ ዓመት?”

እርምጃዋን ጨመረች፣ ልደርስባት አልቻልኩም። ወንዙ ዳር ስትደርስ ቆመች። የምትጠብቀኝ መስሎኝ ሮጥኩ። የቆመችው ለመሻገር ጫማዋን ልታወልቅ ነበር።